ለጨርቁ የመጣችው መርማሪ

ሙሉሸዋ ነጩን ቀሚስ በካውያ ያቃጠለችው አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። የእመቤቷ የኢብቲሳም የእህት ልጅ ለዒድ እንድትለብሰው የተገዛ የጥጥ ቀሚስ ነበር። የውጭው በር ደወል ጠርቶ ዞር ብላ እስክትመለስ ድረስ ደረቱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ጠባሳ ቀረች። ጂዳ ከመጣች ገና ሰባተኛ ወሯ ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት በዚህ ቤት ምን እንደሚያስከትል አታውቅም፤ በሌሎች ቤቶች ምን እንዳስከተለ ግን ሰምታለች። ኢብቲሳም እስክትመለስ ሁለት ሰዓት ነበራት። መርፌና ክር ፈልጋ ጠባሳዋን በጥልፍ ትሸፍን ጀመር።

ጥልፍ ያስተማረቻት አክስቷ አበበች ናት፤ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ ከገበያው ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ። አክስቷ የምታውቀው ጥልፍ ሁሉ መስቀል ነበር፤ የሙሉሸዋም እጅ የለመደው እሱን ነው። እዚህ ግን መስቀል አይጠለፍም። በተለይ እሷ ልትጠልፍ አትችልም፤ በፓስፖርቷ ላይ ስሟ ሙና፣ ሃይማኖቷም ሙስሊም ነው። ደላላው አዲስ አበባ ላይ፣ "በዚህ ስም ከሆነ በሁለት ሳምንት ትበሪያለሽ፤ በራስሽ ስም ከሆነ ዓመትም አይበቃሽ" ሲላት ማተቧን ፈትታ ለእናቷ ሰጥታ መጣች። ስለዚህ የመስቀሉን እግር ተወችና ክንዶቹን እያጠፈች አበባ አስመሰለችው። አንዱ አበባ ብቻውን ቢያስጠላባት ከግራና ከቀኙ ሁለት ጨመረች።

ኢብቲሳም ስትመጣ ቀሚሱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

"ይኼን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ፣ ማዳም። ተቃጥሎብኝ ነው።"

ስለ ቃጠሎው አልጠየቀቻትም። ጥልፉን በጣቷ እየዳበሰች ቀሚሱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ጀርባውም እንደ ፊቱ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ፎቶ አነሳችው።

ኢብቲሳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ሙሉሸዋ ይህን ነገር በኋላ ለሰው ስትናገር የምትጀምረው ከዚህ ነው። ደመወዟን አንድም ወር አላሳለፈችባትም። እጇን አላነሳችባትም። የበላችውን ታበላታለች። ውጭ አገር የተማረች፣ ብዙ የምታነብ፣ ያነበበችውም ነገር ውስጧን የሚበላት ሴት ነበረች። ጥጥ ላይ ስለሚረጨው መርዝ፣ መርዙም ስለሚገድላቸው ገበሬዎች ታወራለች። አንድ ቀን፣ በር ተቆልፎባቸው ፋብሪካ ውስጥ ስለ ተቃጠሉ ልብስ ሰፊዎች ስትነግራት እንባዋ መጣ። ሙሉሸዋም አብራ አዘነች። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም እንጂ የዚህ ቤት የውጭ በርም ዘወትር የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ያለው በኢብቲሳምና በባሏ በቱርኪ እጅ ብቻ ነው። በአገሩ ሕግ የሙሉሸዋ ከፊል፣ ማለት ዋስና አሠሪ፣ እሱ ነው። ፓስፖርቷንና ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዷን የያዘውም እሱ ነው።

በሦስት ወር ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለችው ትርፍ ክፍል የሥራ ክፍል ሆነች። ጥጡ ከግብፅ ይመጣል፤ ማዳበሪያና መርዝ ያልነካው ነው፣ ኦርጋኒክ ነው፣ ለዚህም ማኅተም ያለው ወረቀት አብሮት ይመጣል። ሙሉሸዋ በልቧ፣ እኛ አገር ያለው ጥጥ መርዝ ማን ረጭቶለት ያውቃል፣ ግን ማንም ወረቀት አልሰጠው፣ ትላለች። ልብሱን የሚሰፋው ሂንዳዊያ ሰፈር ሱቅ ያለው አንድ ፓኪስታናዊ ነው። የሴቶች የመስገጃ ልብስ፣ የሕፃናት ቀሚስ፣ ቀላል ሻርፕ ይሰፋና ወደ ጣሪያው ክፍል ይመጣል፤ እሷ ትጠልፈዋለች። ጠዋት የቤቱን ሥራ ትጨርሳለች፤ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ወደ ላይ ትወጣለች። ኢብቲሳም ለድርጅቷ "ኸይጥ ወ ኸይር" የሚል ስም አወጣችለት፤ ክርና በጎነት ማለት ነው። የሙሉሸዋን እጆች መርፌ እንደያዙ ፎቶ አንስታ፣ ፎቶውን በየልብሱ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ካርቶን አሳተመችው። ከፎቶው በታች ጽሑፍ ነበረበት። ሙሉሸዋ ዐረብኛ ከማውራት በቀር ማንበብ ስለማትችል ምን እንደሚል አልጠየቀችም። እጆቿ ማማራቸውን ግን አየች።

ደግሞ ሥራውን ትወደው ነበር። ይህንንም አትደብቅም። ከኩሽናና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ ያችን ክፍል፣ ያን ነጭ ጨርቅ፣ በየቀለሙ የተደረደረውን ክር ስታይ ልቧ ከፈት ይል ነበር። ኢብቲሳም መጥታ አጠገቧ ተቀምጣ፣ "ሙና፣ አንቺ ሸሪኬ ነሽ" ትላታለች፤ ባልደረባዬ ነሽ ማለቷ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሁለት ዓመት ውሏ አለቀ።

ዓለም ከተማ እናቷ ዘንድ ስድስት ዓመት የሞላት ረድኤት የምትባል ልጅ አላት። የልጅቷ አባት ታሪኩ ሌላ ሚስት አግብቶ መተማ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ ከትሟል። ሙሉሸዋ ስትሄድ ምንም አላለም ነበር። አሁን ግን ለሽማግሌዎች እንዲህ ሲል ቃል ሰጥቷል፦ እናቷ ለመስከረም ከገባች ልጅቷ የእሷ ናት፤ ካልገባች ግን ልጄን በአሮጊት እጅ አላሳድግም፣ ወስጄ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። እናቷ ይህን በስልክ ስትነግራት ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። "ደግሞ ያለው ሐሰት ነው አይባልም። እኔም ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ነይልኝ" አለቻት።

ሙሉሸዋ በማግስቱ ለኢብቲሳም ነገረቻት። ከሳውዲ ለመውጣት ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያስወጣው ከፊሉ ነው።

"ኢንሻአላህ፣ ሙና። መጀመሪያ ልብሶቻችን የሚቀርቡበት ኤግዚቢሽን ይለፍ።"

ኤግዚቢሽኑ አለፈ። እንደገና ጠየቀች። ኢብቲሳም፣ "ወረቀቱ ያለው በቱርኪ እጅ ነው" አለች። ቱርኪን አውቶሞቢሉ ውስጥ ሲገባ ደጅ ላይ ጠብቃ ጠየቀችው። "ማዳምሽ ከፈቀደች እኔ ምን ቸገረኝ" አለ። ወደ ማዳም ተመለሰች። እንዲህ እየተመላለሰች ሰኔ ገባ። አንዳቸውም አይሆንም አላሏት። አይሆንም ቢሏት ኖሮ ቢያንስ የምትጣላው ነገር ታገኝ ነበር።

በዚያው ወር ኢብቲሳም እየሳቀች ጣሪያው ላይ ወጣች። በአውሮፓ ብዙ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ልብሱን ሊገዛ ይፈልጋል። ሆኖም ፍትሐዊ ንግድ የሚል ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ጥጡ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛዋ አያያዝም ንጹሕ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት መርማሪ ይልካል። መርማሪዋ ሙሉሸዋን ለብቻዋ፣ በገዛ ቋንቋዋ ታነጋግራታለች። ደንቡ ይህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነገር ተለወጠ። ኩሽና አጠገብ ካለው ዕቃ ቤት ወጥታ መስኮት ያለው ክፍል ተሰጣት። አልጋ ገባላት። ኢብቲሳም ፓስፖርቷን ከባሏ ተቀብላ አምጥታ መሳቢያዋ ውስጥ በእጇ አስቀመጠችው።

"የት ነው ካሉሽ እኔ ዘንድ ነው በይ። ይኸው፣ አንቺ ዘንድ ነው። ውሸት አይደለም።"

"እሺ ማዳም።"

"በቀን ስምንት ሰዓት። ዓርብ እረፍት። ስትወጪ ስትገቢ የሚከለክልሽ የለም።" ኢብቲሳም እጇን ያዘቻት። "ይኼ ይለፍልኝ፣ ሙና። በዚያው ሳምንት ኹሩጅሽን አስወጣልሻለሁ። ወላሂ።"

ሙሉሸዋ አመነቻት። ባታምናትም የምትይዘው ሌላ ነገር አልነበራትም። ሳህን ስታጥብ፣ ምንጣፍ ስትጠርግ መልሶቹን በልቧ ታጠናቸው ነበር። ስምንት ሰዓት። ዓርብ። እኔ ዘንድ ነው።

መርማሪዋ ሰናእ ትባላለች። ወላጆቿ ከሞሮኮ ናቸው፤ እሷ ያደገችው ቤልጅየም ነው። ዐረብኛዋ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ሙሉሸዋ አብዛኛው ያመልጣታል። ከእሷ ጋር የመጣችው አስተርጓሚ ግን ሃምሳውን ያለፈች፣ ወፍራም፣ ፊቷ የአገር ሰው ፊት የሆነ ሴት ነበረች። ረሒማ ነው ስሟ። አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው መካ የቀሩ ናቸው። ተወልዳ ያደገችው ሩሰይፋ ሰፈር ነው፤ ኢትዮጵያን በዓይኗ አላየቻትም። አማርኛዋ የእናቷ አማርኛ ነው።

ጣሪያው ክፍል ውስጥ ሦስቱ ብቻ ተቀመጡ። ኢብቲሳም ምድር ቤት ቀረች።

"አብሽሪ፣ እህቴ" አለች ረሒማ። "ላብሽን ጥረጊ። ሰው እንጂ ጅብ አልመጣብሽም።"

ሰናእ መጠየቅ ጀመረች፤ ረሒማ ታስተረጉማለች። ስምሽ ማነው፤ ሙና። ፓስፖርትሽ የት ነው፤ እኔ ዘንድ። ሙሉሸዋ ከመሳቢያዋ አውጥታ ይዛው የመጣችውን አሳየች። በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ስምንት። እረፍትሽ፤ ዓርብ። መልሱ ሁሉ እንደ ተጠናው ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰናእ ራሷን እየነቀነቀች ትጽፋለች። ከልብሶቹ አንዱን አንስታ ካርቶኑን አየችና ፈገግ አለች።

"ምን ይላል፣ እትዬ?" አለች ሙሉሸዋ ለረሒማ። ለማወቅ ያህል ነበር።

ረሒማ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። "'ይህን ልብስ የጠለፈችው በፈቃዷ የምትሠራ ነጻ ሴት ናት' ይላል።"

ሰናእ ቀጠለች። "የመጨረሻ ጥያቄ ነው ትላለች" አለች ረሒማ። "ነገ ጠዋት ሥራው በቃኝ፣ አገሬ ልግባ ብትዪ ምን ታደርጊያለሽ?"

ይህን ኢብቲሳም አላስጠናቻትም። ሙሉሸዋ የሚመጥን መልስ ፈለገች። እሄዳለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ልሂድ ካልኩ እኮ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ እትዬ።"

ከዚያ በኋላ አልቆመላትም። ውሉ ማለቁን፣ ከማዳም ወደ ከፊል፣ ከከፊል ወደ ማዳም መመላለሷን፣ ፓስፖርቱ መሳቢያው ውስጥ ከገባ ሦስት ቀን እንኳ እንዳልሞላው፣ የተቆለፈውን በር፣ ረድኤትን፣ መስከረምን፣ ሁሉንም ተናገረች። አላለቀሰችም። ቶሎ ቶሎ ነበር የምትናገረው፣ ሰው ሳይመጣ እንደሚበላ።

ረሒማ ወዲያው አላስተረጎመችም። ወደ ሙሉሸዋ ጠጋ አለች።

"ስሚኝ፣ ልጄ። ይኼን አንዴ ካልኩላት መልሼ መዋጥ አልችልም። ማዳምሽ ዘንድ ይደርሳል። ልበልላት ወይስ ልተወው?"

ሙሉሸዋ አሰበች። በአንድ ወገን የኢብቲሳም ወላሂ አለ። በሌላ ወገን ይህች ሴት አለች፤ ባሕር አቋርጣ ይህን ብቻ ልትጠይቃት የመጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ በገዛ ቋንቋዋ እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"ይበሉላት" አለች።

ረሒማ ተናገረች። ሰናእ መጻፏን ትታ አዳመጠች፤ ዓይኗ ቀላ። ከዚያ ብዙ ጻፈች፣ ገጽ ገለበጠች፣ እንደገና ጻፈች።

"አሁን ምን ታደርግልኛለች? ይጠይቁልኝ።"

ሰናእ ረጅም ነገር መለሰች። ረሒማ አሳጠረችው። "ሪፖርት እጽፋለሁ ትላለች። ምስክር ወረቀቱን አይሰጧቸውም።"

"እኔስ?"

ረሒማ ጠየቀች። ሰናእ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። "እኛ የምንመዝነው ምርቱን ነው ትላለች። ሰው የማስወጣት ሥልጣን የለንም። በጣም አዝናለሁ ትላለች። ስልክ ቁጥር ትተውልሻለች።"

"ለጨርቁ ነዋ የመጣችው" አለች ሙሉሸዋ።

ይህን ረሒማ አላስተረጎመችም። ሲወጡ ግን ወደ ኋላ ቀረት ብላ የራሷን ስልክ ቁጥር ከሰናእ ወረቀት ጀርባ ጻፈችላት።

ደብዳቤው በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ኢብቲሳም አልጮኸችም። ሙሉሸዋ ወጥ ስታማስል ኩሽና ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ ተቀምጣ አታውቅም። ዓይኗ አብጦ ነበር።

"ምን በደልኩሽ፣ ሙና?"

"ምንም፣ ማዳም።"

"አስርቤሽ አውቃለሁ? ሰድቤሽ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

"ታዲያ ምነው?"

"ልጄን ልይ ነው ያልኩት።"

"ላደርገው ነበር እኮ" አለች ኢብቲሳም። "ይለፍልኝ ብዬሽ አልነበረም? ወላሂ ላደርገው ነበር።"

ሙሉሸዋ ይህ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ሌላውን ሁሉ ብትረሳው ይህን አለማወቋ አይለቃትም። ከዚያ ቀን በኋላ ኢብቲሳም ዓይኗን ቀና አድርጋ አላየቻትም። የጣሪያው ክፍል ተቆለፈ፤ ያልተሸጡት ልብሶች በካርቶን ታሽገው ወጡ። ሮመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቱርኪ ክፍሏ መጥቶ መሳቢያውን ከፈተ፣ ፓስፖርቱን አውጥቶ የጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ዕቃሽን ሰብስቢ። ከዛሬ ጀምሮ እናቴ ዘንድ ነሽ፣ መካ።"

መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማይገባበት ከተማ መሆኑን የማያውቅ አበሻ የለም። ክርስቲያን ነኝ ብትል ወረቀቷ ሐሰተኛ ነው፤ መድረሻዋ እስር ቤት ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ መግባቷ ነው። አውቶሞቢሉ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ፣ በቀትር ፀሐይ ያን ድንጋያማ ኮረብታ እያየች ስታወጣ ስታወርድ መንገዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የተለየ መሆኑን ከሌሎች የአገሯ ልጆች በስልክ ሰምታ ነበር። ቱርኪ በሌላኛው ሄደ። ፍተሻው ላይ ወታደሩ ኢቃማዋን አየ፣ "ሙና" አለ፣ መልሶ ሰጠው። ይቅር በለኝ አለች በልቧ። የበደለችው የራሷን ሃይማኖት ይሁን የእነሱን ቅዱስ ከተማ መለየት አቃታት፤ ለሁለቱም አለችው።

የቱርኪን እናት ቤተሰቡ ሁሉ ሲቲ ነው የሚላት፤ በሒጃዝ አነጋገር አያቴ ማለት ነው። አልጋ ላይ የዋለች፣ ግማሽ ጎኗ የማይሠራ አሮጊት ናት። ቤቷ ሩሰይፋ ነበር። ሙሉሸዋ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ በማንኪያ ታበላታለች። በሳምንቱ ሲቲ ከሌላ ሰው እጅ አልበላም አለች። የገዛ ልጇ ስታጎርሳት አፏን ትገጥማለች፤ ሙሉሸዋ ስትመጣ ትከፍታለች። ቤተሰቡ በዚህ ተደሰተ። ሙሉሸዋ ግን ማንኪያው ባዶ ሆኖ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር እግሯ ላይ ሲጠመጠም ይሰማት ነበር።

ስልኳን አልወሰዱባትም። ረሒማ ዘንድ ደወለች። ያለችበትን ቤት ስትነግራት ረሒማ፣ "ያ ረቢ፣ ሦስት ቤት አለፍ ብዬ እኮ ነኝ" አለች። በነጋታው ለአሮጊቷ ሾርባ ይዛ፣ የታመመ ልጠይቅ ብላ መጣች። ሲቲ ስታሸልብ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አለች ረሒማ። "ልተወው ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ።"

"እኔ ነኝ ይበሉላት ያልኩት።"

"አሁን መክተብ አል-ዐመል፣ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንሄዳለን። እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። ውልሽ አልቋል፤ ሊይዝሽ አይችልም።"

ሙሉሸዋ ወደ በሩ አይታ፣ "እትዬ፣ እኔ ሙና አይደለሁም" አለች። "ሙሉሸዋ ነኝ። ክርስቲያን ነኝ።"

ረሒማ የያዘችውን መሐረብ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ለእሷ ይህች ከተማ የተወለደችበት ብቻ አይደለችም፤ አያቷ ከወሎ በእግርና በመርከብ የመጡላት ናት። ፊቷ ላይ ቅሬታ አለፈ፤ ሙሉሸዋ አየችው። ትነሣና ትወጣለች ብላ ጠበቀች። ረሒማ ግን አልተነሣችም።

"ማን ያውቃል ሌላ?"

"ማንም።"

"ማንም አይወቅ። አንቺ ወደሽ አልመጣሽ፣ ይዘውሽ ነው የመጡት፤ አላህ ያያል።" መሐረቡን መልሳ አነሳችና፣ "ቢሮው ግን ቀረ" አለች። "ከኤምባሲ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ አሻራ አለ፣ ስም ያመሳክራሉ። እዚያ ከገባሽ መውጫሽን አላውቀውም።"

ረሒማ አልተኛችም። ሰናእ ወደ ተወችው ቁጥር ደወለች፤ ያነሣው ሌላ ሰው ነው። ኸይጥ ወ ኸይር ማመልከቻውን ስለ ተወ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ድርጅቱ ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም፣ አላት። ሴትዮዋስ ብትለው፣ ሴትዮዋ የተመዘገበችው በድርጅቱ ስም ነው፣ አላት። ቀጥላ የአጎቷን ልጅ አብዱልመጂድን ላከች። ሽቶ ነጋዴ ነው፣ በሰፈሩ የተከበረ። ከዐስር ሶላት በኋላ እናቱን ሊጠይቅ የመጣውን ቱርኪን መስጊድ ደጅ ላይ አገኘው። ቱርኪ በክብር ቤት አስገብቶ ሻይ አቀረበለት።

"እኔ ክፋት የለብኝም" አለው። "ነገር ግን አየህ፣ እናቴ ከእሷ እጅ በቀር አትበላም። ከሐጅ በኋላ ኢንሻአላህ አስወጣታለሁ።"

"የልጅ ነገር አለባት፤ መስከረም ነው ቀጠሮዋ።"

"እኔም እናት አለችኝ" አለ ቱርኪ።

አብዱልመጂድ ይህን ለረሒማ ሲነግራት መሬት መሬት እያየ ነበር። በሌላ ሰው ከፋላ፣ በሠራተኛው ዋስትና፣ ውስጥ ከዚህ በላይ መግባት እንደማይችል ነገራት፤ እሱም ትክክል ነበር።

ሙሉሸዋ ለመጥፋትም አስባለች። ከየቤቱ የጠፉ ልጆች ጂዳ፣ በኒ ማሊክና ሂንዳዊያ ውስጥ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ ታውቃለች። ረሒማ አልከለከለቻትም፤ የሚሆነውን ብቻ ነገረቻት። ያለ ኢቃማ ፍተሻውን አታልፍም። ብታልፍም ቱርኪ ጠፋች ብሎ ያስመዘግባታል፤ ከዚያ ወዲያ ኹሩጅ ጭራሽ አይታሰብም። ሠርቶ ማደር ይቻላል፤ አገር መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። "አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው መግባቱን ነው" አለቻት። ሙሉሸዋ ሻንጣዋን መልሳ አልጋው ሥር ገፋችው።

መስከረም በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሲቲን ምሳ አብልታ እንደጨረሰች ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። ታሪኩ መጥቷል። ሽማግሌዎቹም መጥተዋል። በቃሉ መሠረት ነው፣ ማንም የሚናገረው አጥቷል።

"ስጪኝ እስቲ፣ ላናግረው" አለች ሙሉሸዋ።

ታሪኩ ስልኩን ያዘ። ሊጣላት የመጣ ድምፅ አልነበረም። "ሙሉሸዋ፣ እንደምን ነሽ። ጥጋብ መስሎሽ እንዳታዝኚ። ልጅቷ ጊዜዋ እያለፈባት ነው፤ አንደኛ ክፍል መግባት አለባት።"

"አንድ ወር ጠብቀኝ። ከሐጅ በኋላ ይለቁኛል።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ከፊሌ።"

"ባለፈውም ከኤግዚቢሽን በኋላ ብለሽ ነበር" አለ። እውነቱን ነው። ያን ቃል ከኢብቲሳም አፍ ተቀብላ ለእናቷ፣ እናቷ ለሽማግሌ፣ ሽማግሌው ለታሪኩ አድርሰውት፣ አሁን ውሸታሟ እሷ ሆናለች።

ከዚያ ረድኤት መጣች።

"እማ፣ አባዬ መተማ ድንበር ነው አለኝ። ላንቺ ይቀርባል?"

"ይቀርባል" አለች ሙሉሸዋ።

"ከዓለም ከተማ ይበልጥ ይቀርባል?"

"አዎ። ትንሽ ይቀርባል።"

ልጅቷ ደስ ብሏት ለአያቷ ስትናገር ተሰማ። ከዚያ የመኪና ጡሩምባ፣ የእናቷ ለቅሶ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሙሉሸዋ የሲቲን ማንኪያና ሳህን ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። ረሒማ በኋላ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ሳህኖቹን አብራት አጠበች።

ሐጅ አለፈ። ቱርኪ፣ ሲቲ ትንሽ እስክትጠና አለ። የምትጠና ሴት አልነበረችም፤ የምትሞትም አልመሰለችም። ሙሉሸዋ መጠየቋን አላቆመችም፤ በየወሩ መጀመሪያ ትጠይቀዋለች፣ እሱም በትሕትና ይመልስላታል።

መተማ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። መጀመሪያ ላይ ኔትወርክ አይገኝም ነበር። ሲገኝ የረድኤት የእንጀራ እናት ታነሣለች፤ ጨዋ ሴት ናት፣ "ቆይ ልጥራት" ትላለች። ረድኤት በየጊዜው የምታወራው እያነሰ ሄደ፤ ጓደኞች አግኝታለች፣ ከውጭ ይጠሯታል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ሲያስቸኩሏት፣ "እማ፣ እዚያ ሥራሽ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"አንዲት አሮጊት አበላለሁ።"

"ራሳቸው አይበሉም?"

"አይችሉም።"

"አንቺስ ለምን አትመጪም?"

"አልችልም" አለች ሙሉሸዋ።

"እሺ" አለች ልጅቷ፣ ስልኩንም ለእንጀራ እናቷ መለሰችላት።